የተመልካች ዕዳ

ሰው በባሕርዩ ፍጥነትን ይወዳል። ገና መቆም የጀመረ ሕፃን መሄድን ሳይጨርስ መሮጥን ይሞክራል፤ ፈረስ ያገኘ ጎልማሳም ሜዳው ሰፊ ከሆነለት ልጓሙን ማላላቱ አይቀርም። ስለዚህ ፍጥነትን መውደድ በራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ተፈጥሮን ራስዋን መክሰሱ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ፍጥነት ለዕይታ ሲቀርብ፥ ለዕይታውም የመግቢያ ዋጋ ሲቈረጥለት፥ ዋጋውም በገንዘብ ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ በሰው ነፍስ የሚከፈል ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ የፈሰሰው ደም በማን ላይ ይቈጠራል? በነጂው ላይ ነውን? ሜዳውን ባዘጋጀው ሰው ላይ ነውን? ወይስ ከፍሎ ገብቶ ባጨበጨበው ሕዝብ ላይ?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር እጅግ ርቆ ከሚገኝ አገር አንድ የታሪክ ምሳሌ እንወስዳለን፤ ኋላ ግን ወደ ራሳችን ዳገትና ቍልቍለት መመለሳችን የማይቀር ነው። ምሳሌው፥ ዛሬ በተወለደበት በአሜሪካን አገር እንኳ ብዙ ሰው የረሳው፥ ከእንጨት የተሠራ የአውቶሞቢል መሮጫ ሜዳ ነው። (የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርበት ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችን ግን እንደ አገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።)

ነገሩ የጀመረው በብስክሌት ነው። ጃክ ፕሪንስ የሚባል በእንግሊዝ አገር የተወለደ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። ይህ ሰው ውድድሩን ከተወ በኋላ በአሜሪካን ከተሞች እየተዘዋወረ ለብስክሌት መሮጫ የሚሆን በሳንቃ የተነጠፈ ክብ ሜዳ ማሠራት ሥራው አደረገ። ሞተር ብስክሌት ሲመጣ ሜዳውን አጠንክሮ ለሞተር ብስክሌት አዋለው። አውቶሞቢል ሲመጣ ደግሞ፥ ብስክሌት የተሸከመ እንጨት አውቶሞቢልንም የማይሸከምበት ምክንያት የለም ብሎ አሰበ። በ1910 በሎስ አንጀለስ ከተማ አጠገብ ፕላያ ዴል ሬይ በሚባለው ስፍራ ዙሪያው አንድ ማይል፥ ማለት 1.6 ኪሎሜትር ያህል የሆነ ክብ የእንጨት ሜዳ ተከፈተ። መካከሉ ዝቅ፥ ጠርዙ ከፍ ያለ ስለ ነበረ፥ በእኛ አገር ዕቃ ብንመስለው በምድር ላይ የተቀመጠ ትልቅ ገበቴ ይመስል ነበር ልንል እንችላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አናጢዎቻችን ሞራሌ የሚሉትን የመሰለ፥ አምስት ሴንቲሜትር በዐሥር ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የተላገ እንጨት በጠባብ ጎኑ እያቆሙ፥ አንዱን ከአንዱ ጋር አጠጋግተው በምስማር ይመቱታል። ከሥሩ የእንጨት ምሰሶና ወራጅ ተሸክሞ ይይዘዋል። በመታጠፊያው ላይ ወለሉ በውጭው በኩል ከፍ እያለ እንደ ቤት ጣራ ይጋደማል። ይኸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፍጥነት የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋልና፥ ወለሉ ሲጋደም መኪናው ወደ ውጭ በመንሸራተት ፈንታ ወለሉን ተጭኖ ያልፋል። መጋደሙ በአንዳንዱ ሜዳ ላይ 45 ዲግሪ ደርሶ አልፎም ይሄድ ነበር። ይህን ያህል በተጋደመ ወለል ላይ ሰው በእግሩ ሊቆም አይችልም፤ መኪና ግን ፍጥነቱን እስከ ጠበቀ ድረስ እንደ ዝንብ ተጣብቆ ይዞራል። ፍጥነቱን ሲቀንስ ደግሞ ወደ ታች ይንሸራተታል። እንግዲህ ሜዳው ራሱ ነጂውን «አትዘግይ» ይለው ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር ለጥያቄያችን የሚጠቅም ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ያኑረው።

በሌላ ስፍራ ሌላ ነገር ተሞክሮ ነበር። በእንግሊዝ አገር የብሩክላንድስ ሜዳ በ1907 በሲሚንቶ ተሠራ። በአሜሪካን አገር የኢንዲያናፖሊስ ሜዳ በ1909 በተቀጠቀጠ ድንጋይና በሬንጅ ተነጥፎ ሲከፈት፥ ወለሉ በጎማ ተቦጫጭቆ በነሐሴ ወር ውድድር ላይ አንድ ነጂ፥ መካኒኮችና ተመልካቾች ሞቱ፤ ባለቤቶቹም በዚያው ዓመት ወለሉን ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ በሚያህል ጡብ አስነጠፉት። ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሳንቃ ግን ርካሽ ነው፤ አናጢ በየከተማው አለ፤ ሜዳውም በጥቂት ወራት ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። ስለዚህ እስከ 1931 ድረስ ባሉት ሃያ አንድ ዓመታት ውስጥ ከሃያ የሚበልጡ የእንጨት የአውቶሞቢል ሜዳዎች በአሜሪካን አገር ተሠሩ። በቺካጎ አጠገብና በኒውዮርክ ሺፕስሄድ ቤይ ላይ በ1915 የተሠሩት ዙሪያቸው ሁለት ሁለት ማይል ነበር። በ1927 ፍራንክ ሎክሃርት የተባለ ወጣት በአትላንቲክ ሲቲ አጠገብ በነበረው የእንጨት ሜዳ ላይ በሰዓት ከ237 ኪሎሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ዞረ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎሜትር መንገድ በዚያ ፍጥነት የሠላሳ ሦስት ደቂቃ ጕዞ ይሆናል። በቅሎ ሁለት ሦስት ቀን የምትሄድበትን መንገድ ለሚያውቁ ለአያቶቻችን ይህን ብንነግራቸው ኖሮ፥ ከመደነቅ ይልቅ «ምን ሊያደርግ ቸኰለ?» ብለው ይጠይቁን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዳሩ ግን እንጨት እንጨት ነው። ከወፍ ዋሻ ደን ሥር ለሚኖር የአንኮበር አናጢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጥድም ሆነ ወይራ ከሣር ክዳን በታች ሲሆን ዘመን ያስቈጥራል፥ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ግን ይሰነጠቃል፥ ይጎብጣል፥ ምስማሩንም ይለቅቃል። የአሜሪካኑ ሜዳ ምንም ክዳን አልነበረውም። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወለሉ እየላላ፥ ሳንቃው እየተነቀለ፥ ጉድጓድ እየከፈተ ይሄድ ነበር። ከጎማ ሥር የሚፈናጠረው ስንጣሪ የነጂውን ፊት ይወጋል፤ ከሞተሩ የሚንጠባጠበው ዘይት ሳንቃውን ያሙለጨልጨዋል። ውድድሩ ሳይቋረጥ አናጢዎች ከወለሉ ሥር ገብተው የተሰበረውን ሳንቃ ይለውጡ እንደ ነበር ይተረካል። ይህ ትረካ እውነት ከሆነ የዘመኑን አሳብ ከማንኛውም ሐተታ ይልቅ ይገልጠዋል፤ ከላይ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ይሮጣል፥ ከታች ሌላው በመዶሻ ሞትን ለአንድ ዙር ያዘገየዋል፥ በዳር ደግሞ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

በመስከረም 1912 በኒውዋርክ ከተማ በሞተር ብስክሌት ሜዳ ላይ የሆነውን ብቻ እንጥቀስ። በዚያ ዓይነት ሜዳ ተመልካቹ የሚቀመጠው ከተጋደመው ወለል በላይ፥ በጠርዙ ዙሪያ ነበር፤ ወጣቶቹም ይበልጥ ለማየት ከአጥሩ በላይ ተንጠልጥለው አንገታቸውን ወደ ውስጥ ይሰዱ ነበር። ኤዲ ሃሻ የተባለው ነጂ ሞተር ብስክሌቱ ከእጁ ወጥቶ ወደ ጠርዙ ሲወረወር እርሱም ሞተ፥ አንድ ሌላ ነጂም ሞተ፥ አጥሩን ደገፍ ብለው ይመለከቱ ከነበሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ ሞቱ። ከዚህ ወዲያ የአገሩ ጋዜጦች እንዲህ ያለውን ስፍራ የመግደያ ሜዳ እያሉ ጠሩት። በኅዳር 1920 ደግሞ በካሊፎርኒያ በቤቨርሊ ሂልስ ሜዳ ላይ፥ በዚያው ዓመት የኢንዲያናፖሊስን ውድድር ያሸነፈው ጋስቶን ሼቭሮሌት ከኤዲ ኦዶኔል ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ ኦዶኔልና መካኒኩም አብረው ጠፉ። የቤቨርሊ ሂልስ ሜዳ ከአራት ዓመት በኋላ ተዘጋ። የተዘጋው ግን ስለ ሙታኑ አልነበረም። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሲሸጥ ከውድድሩ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። ሌሎቹም አንዳንዶቹ ተቃጠሉ፥ አንዱን በፍሎሪዳ የነበረውን ከአንድ ውድድር በኋላ በ1926 ዐውሎ ነፋስ ወሰደው፤ የቀሩት የሳንቃ መለወጫው ገንዘብ ከመግቢያው ገቢ በልጦ ሲገኝ እየተተዉ ሄዱ። በአልቱና የመጨረሻው ታላቅ ውድድር በመስከረም 1931 ሆነና ነገሩ አከተመ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንግባ።

በመጀመሪያ የሚቀርበው መከራከሪያ፥ «ነጂው በገዛ ፈቃዱ ገባ» የሚለው ነው። ይህ ነገር ከሩቅ ሲሰሙት የሚያሳምን ይመስላል። ሰው በራሱ ሕይወት ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው የሚለውን የጥንት ክርክር እዚህ ላይ ማንሣት አያስፈልገንም፤ ፈቃድ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ መመልከቱ ይበቃል። ሳንቃው የላላ መሆኑን ያልተነገረው ነጂ በምን ፈቀደ? ሳንቃው መላላቱን የተነገረውስ፥ ባይሮጥ የዕለት እንጀራውን ሌላው የሚወስድበት ከሆነ፥ ፈቃዱ ሙሉ ነውን? ደግሞም ከላይ እንዳየነው ሜዳው ራሱ መዝገየትን አይቀበልም። አንድ ጊዜ የተጋደመውን ወለል የወጣ ሰው በመካከል አሳቡን ለመለወጥ አይችልም። ስለዚህ ፈቃዱን የሰጠው ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ነው፤ አደጋው ግን በየዙሩ አዲስ ነው።

ጀግንነትስ አይደለምን የሚል ይኖራል። እኔ በሸዋ ምድር ሆኜ ጀግንነትን ላቃልል አልነሣም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በመንዝ፥ በተጉለትና በቡልጋ ገደላገደል ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የተዋጉት አርበኞች ነፍሳቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ማንም ግን ለጨዋታ ነው አላላቸውም። ድፍረትን ከጀግንነት የሚለየው የአደጋው ትልቅነት ሳይሆን የሚሞትለት ነገር ነው። ይህን ስል ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጉግስን እንመልከት። በጥምቀት ማግሥት በሰፊ ሜዳ ላይ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንዱ ሲሸሽ ሌላው እየተከተለ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። በጉግስም ሰው ከፈረስ ወድቆ ይሰበራል፥ ክፉ ቀን ሲሆንም ይሞታል። ልዩነቱ ግን ይታያል፤ አባቶቻችን ለጨዋታው ጦርን ትተው ዘንግን መረጡ፥ ጋሻም ጨመሩበት። ጨዋታው የጦርነት ትምህርት ስለ ነበረ እውነተኛ ጦር ቢወረወርበት ይበልጥ በደመቀ ነበር፤ ነገር ግን ለድምቀት ሲሉ ሰውን ለሞት መስጠት አልፈለጉም። አደጋን ፈጽሞ ማስወገድ ባይቻልም መቀነስ የሚቻለውን ቀነሱ። የእንጨቱ ሜዳ ሠሪዎች ግን የተገላቢጦሹን ሠሩ፤ ወለሉ ይበልጥ ሲጋደም ፍጥነቱ ይጨምራል፥ ፍጥነቱ ሲጨምር ሰው ይበዛል፥ ሰው ሲበዛ ገቢው ይደልባል።

እዚህ ላይ ለተቃራኒው ወገን አንድ ነገር መመስከር ይገባል። በእነዚያ ሜዳዎች ላይ የተሮጠው ሩጫ ለአውቶሞቢል ሥራ ብዙ ጠቅሟል። የዱዘንበርግ ወንድማማቾችና ሃሪ ሚለር ሞተራቸውን እያሻሻሉ ያሳደጉት በዚያ ፉክክር ነው፤ የጎማ፥ የዘይትና የብረት ጥንካሬ የተፈተነውም በዚያ ነው። ዛሬ ዶክተርን ወደ ሕመምተኛ የሚያደርሰው መኪና ከዚያ ፈተና አንዳች ነገር ወርሶ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጥቅም አንድን ነገር አያጸድቅም፤ ይኸውም የታወቀን ብልሽት አለመጠገንን ነው። ሞተርን ለመፈተን የላላ ሳንቃ አያስፈልግም። የኢንዲያናፖሊስ ባለቤቶች ከአደጋው በኋላ ጡብ ሲያስነጥፉ ውድድሩ አልቀረም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ አለ።

በእኔ አስተያየት የሠሪው በደል የሚጀምረው ሜዳውን በሠራበት ቀን አይደለም። ማንኛውም አዲስ ነገር ያልታሰበ አደጋ ያመጣል፤ ያላወቀ ሰውም እንዳወቀ ሊፈረድበት አይገባም። በደሉ የሚጀምረው እንጨቱ መበስበሱን ካወቀበት ሰዓት አንሥቶ ነው። ይህን ፍርድ ከራሴ አላመጣሁትም። የኦሪት ሕግ በሬው ሰው የወጋበትን ሰው ሲዳኝ፥ በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ መሆኑን ባለቤቱ ሰምቶ ነበር ወይስ አልሰማም ብሎ ይለያል። አዲስ ቤት የሚሠራውንም ሰው፥ ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዝዘዋል። የወደቀው ሰው ራሱ ተንጠራርቶ ይሁን ተገፍቶ ሕጉ አይጠይቅም። የኒውዋርክ ወጣቶች አንገታቸውን በአጥሩ ላይ በሰደዱ ጊዜ የጎደለው ይህ መከታ ነበር።

የዛሬው ሕጋችንም ይህን መንገድ ሳይዘነጋ ነው የሄደው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2068 ላይ፥ በስፖርት ጨዋታ መካከል ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካቹን የጐዳ ሰው፥ ተንኰል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ መጣስ ካልተገኘበት በቀር ኀላፊ እንዳይሆን ይደነግጋል። በቍጥር 2081 ግን የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ራሱ ባያጠፋም እንኳ ኀላፊ እንዲሆን ያደርገዋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው ሕግ አውጪው የት ላይ እንዳመነታና የት ላይ እንደ ጠነከረ ያስተውላል። ለጨዋታ ስፍራ ሰጠ፤ ለሞተር ግን ይቅርታ አላደረገም። ስለ ተጫዋቹ ተናገረ፥ ስለ ባለቤቱም ተናገረ። ተመልካቹን የጠራው ግን በተጐጂነቱ ብቻ ነው።

ተመልካች ጥፋተኛ ሊሆን ይችላልን? እርሱ አልነዳም፥ አልሠራም፥ ማንንም አልገፋም። ተቀምጦ አየ እንጂ። ይሁን እንጂ ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈውን ያነበበ ሰው በዚህ መልስ አይረካም። አሊጲዮስ በሮም ከተማ ሰውና ሰው እየተጋደሉ የሚታዩበትን ትርኢት ይጠላ ነበር። ጓደኞቹ በግድ ጎትተው ወሰዱት፤ እርሱም «ሰውነቴን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም» በማለት ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ነገር ግን አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ የጮኸው ጩኸት በጆሮው ገባ፤ ምን እንደ ሆነ ለማየት ዓይኑን ገለጠ፤ በዚያችም ቅጽበት ከወደቀው ሰው ይልቅ የባሰ ቍስል ቈሰለ። ከዚያ ወዲያ ጎትተው እንዳመጡት ሳይሆን እርሱ ራሱ ሌሎችን እየጎተተ የሚመጣ ሆነ።

ይህ ታሪክ የሚያሳየው ተመልካች ከሜዳው ውጭ አለመሆኑን ነው። ጩኸቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። በእንጨቱ ሜዳ ላይ የሚከፈለው ሳንቲም ሳንቃ ይገዛል፤ ጭብጨባው ቤንዚን ላይ ይጨመራል። ነጂው ፍጥነቱን ቢቀንስ የሚሰማው ዝምታ፥ ቢጨምር የሚሰማው ሆታ ከሆነ፥ እግሩን በነዳጁ ላይ የሚጫነው ማን ነው? በእርግጥ ከዐሥር ሺህ ተመልካች አንዱ ቢቀር ውድድሩ አይቀርም፤ ይህንንም እያንዳንዱ ያውቃል። ኀላፊነት እንዲህ እየተሸራረፈ ለዐሥር ሺህ ሰው ሲከፋፈል የአንዱ ድርሻ በዓይን የማይታይ ያህል ያንሳል። ነገር ግን ያነሰው ድርሻው እንጂ ደሙ አይደለም። ሒሳብ አዋቂዎች እንደሚሉት ትንንሹ ሁሉ ሲደመር ሙሉውን ካልሰጠ፥ በመካከል አንድ ሰው ድርሻውን ደብቋል ማለት ነው።

አንባቢ እስከዚህ ድረስ ታግሦኝ ከሆነ፥ «ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል? በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር የእንጨት ሜዳ ተሠርቶ አያውቅም» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው። አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው ለውድድር ሳይሆን ለመንግሥት ክብርና ለጕዞ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ የመጀመሪያውን መኪና ለዐጤ ምኒልክ ሲያደርስ፥ ከሁሉ በላይ የከበደው የፍጥነት ነገር ሳይሆን መንገድ አለመኖሩ ነበር።

መንገድ ከተሠራ ወዲህ ግን እኛም የራሳችን የተጋደመ ወለል አለን። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው እስከ ጣርማ በር ድረስ ሜዳማውን ደጋ ይጓዛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ስፍራ፥ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን ዋሻ ሲያልፍ ምድር ከእግሩ ሥር ትከዳዋለች። መንገዱ እየተጠማዘዘ በደብረ ሲና አድርጎ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በጉም ቀን ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱ እንኳ የሚታየው ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ ቍልቍለት ላይ የሚወርድ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ተሳፋሪ ነው ወይስ ተመልካች? በእኔ ግምት ሁለቱንም ነው፤ ከኒውዋርክ ወጣቶችም ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው። ያያል፥ ከፍሏል፥ ቢገለበጥም አብሮ ይገለበጣል።

እንዲህ ባለው መኪና ውስጥ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። አንዱ፥ «ምነው ሾፌር፥ እንቅልፍ ያዘህ እንዴ?» ይላል። ሁለተኛው ከኋላ ተነሥቶ ያለፈንን መኪና ያሳያል። ሾፌሩ በጠመዝማዛው ላይ ቀድሞ ሲያልፍ ከወጣቶቹ መካከል «ጐበዝ!» የሚል ይሰማል። አንዲት እናት ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ በጸሎት ትማልዳለች፤ ጸሎቷን ሾፌሩ አይሰማም፥ «ጐበዝ»ን ግን ይሰማል። የቀሩት ዝም ይላሉ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ እነዚህ ዝም ያሉት ናቸው፤ ብዙዎቹ ፊደል የቈጠሩ፥ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸውና። ለምን ዝም አልህ ሲሉት የሚመልሰው፥ «ሥራው የእርሱ ነው፥ እኔ ምን አገባኝ» ነው። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ግን ትሕትና አይደለም። ሾፌሩ ወደ ገበያ የሚያደርሰውን በግ ቢያንገላታበት የበጉ ባለቤት ዝም አይለውም ነበር።

ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ስለ አበበ ቢቂላም አንድ ቃል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሸዋ ደጋ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው ይህ ሰው፥ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም ጐዳና ላይ 42 ኪሎሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ ዳግመኛ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠችና፥ ያ እግር ዳግመኛ አልቆመም። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። በዚያ አደጋ ማንም ተመልካች አልነበረምና በማንም ላይ ለመፍረድ አላነሣሁትም። ያነሣሁት፥ የሰው እግር በራሱ ኀይል ሊደርስበት የሚችለውን ፍጥነት ጫፍ የነካው ሰው እንኳ፥ ከራሱ ኀይል ውጭ ባለው ፍጥነት ፊት ከማንኛችንም የተለየ ዋስትና እንዳልነበረው ለማሳየት ነው። ሮጦ የሚወድቅ ሰው በራሱ ቁመት ልክ ይወድቃል። በሞተር የሚወድቅ ግን በሞተሩ ልክ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለውን ለትራፊክ ሹማምንት ብቻ ልንተወው አንችልም። እነርሱ ሾፌሩን ይጠይቃሉ፥ የመኪናውን ባለቤት ይጠይቃሉ፤ ሕጉ የሰጣቸው ሥልጣን እስከዚያ ነው። ተሳፋሪውን የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ስለዚህ ነገሩ የሚያርፈው በትምህርት ቤት ላይ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የመንገድ ደኅንነት ትምህርት ሲሰጥ ልጆቹ አስፋልት እንዴት እንደሚሻገሩ፥ የትኛው ምልክት ምን እንደሚል ይማራሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ መምህር በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር ክፍል ውስጥ ቆሞ፥ «በሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሃል፤ ከጎንህ ያለው ሰው ‹ንዳው› አለ፤ አንተ ምን ትላለህ? በምን ቃልስ ትለዋለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ይህን ጥያቄ ልጆቹ ከማንኛውም የሥነ ምግባር ምዕራፍ ይልቅ እንደሚያስታውሱት አልጠራጠርም። ቃሉን አስቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው በሰዓቱ አያገኘውምና። ታላቅን ሳያዋርዱ፥ ሾፌሩን በሰው ፊት ሳያሳፍሩ፥ ግን ሳይፈሩ መናገር ትምህርት የሚጠይቅ ነገር ነው።

ሌላም ቀላል ነገር አለ። ቍልቍለቱን የሚወርድ የሕዝብ መኪና ሁሉ ከጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ለአምስት ደቂቃ ቢቆም፥ ሾፌሩ ፍሬኑንና ጎማውን ቢመለከት፥ ተሳፋሪውም ወርዶ ገደሉን በዓይኑ ቢያየው፥ ጊዜ ጠፋ የሚል ሰው ሒሳቡን ያቅርብ። የእንጨቱን ሜዳ ባለቤቶች ውድድሩን ለአንድ ሰዓት አቁሙና ሳንቃውን ቀይሩ ቢሏቸው ኖሮ፥ ተመልካቹ ገንዘቤን መልሱልኝ ብሎ ይጮኽብናል ብለው ይመልሱ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ጣርማ በር ላይ ግን የሚጮኸውም፥ የሚጠብቀውም፥ የሚወርደውም ያው አንዱ ሰው ነው፤ ያንን አምስት ደቂቃ ከእርሱ በቀር የሚከለክለው የለም።